ችግኙ የት ገባ?

በታች ጋይንት ስለ ደን ወሬ ከተነሳ መነሻው የታወቀ ነው። «ድሮ ይህ ሁሉ ጫካ ነበር» ይላሉ ሽማግሌዎች፣ ከአርብ ገበያ ወደ በሽሎ አቅጣጫ እጃቸውን ዘርግተው። ትምህርት ቤት ደግሞ ያንኑ ነገር በቁጥር ያስተምራል፦ ከመቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ መሬት 40 በመቶው ደን ነበር፣ ኋላ 3 በመቶ ብቻ ቀረ። ቁጥሩ ፈተና ላይ ስለሚመጣ ተማሪው ይሸመድደዋል እንጂ ማን ለካው፣ በምን ለካው ብሎ አይጠይቅም። የጠየቀ ግን አልጠፋም። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጽሑፍ፣ 40 በመቶ የሚባለው ነገር ተለክቶ የተገኘ ሳይሆን ከሪፖርት ወደ ሪፖርት እየተገለበጠ የኖረ መሆኑን አሳየ።

ለዘጠነኛና ለአሥረኛ ክፍል ተማሪ የአካባቢ ሳይንስ ሲጀመር በዚህ ቢጀመር እመርጣለሁ። «ዛፍ ሕይወት ነው» የሚለው መፈክር በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሞልቷል፤ የሚጎድለው ቆጠራው ነው።

ድሮ ምን እንደነበረ የሚናገር ማስረጃ የተገኘው ማንም ካልጠበቀው ቦታ ነው። ኢጣሊያ አገራችንን በወረረችባቸው ዓመታት፣ እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941፣ አውሮፕላኖቿ ለካርታ ሥራ ሰፊውን የአገሪቱን ክፍል ፎቶ ሲያነሱ ነበር። አራት ካሜራዎች በአንድ ጊዜ ያነሳሉ፤ አንዱ ቁልቁል፣ ሁለቱ ወደ ግራና ቀኝ ዘንበል ብለው፣ አራተኛው ደግሞ አሻግሮ አድማሱ ድረስ። በዚያ ዘመን የአውሮፕላን ድምፅ የሰማ ገበሬ ቆሞ የሚያይበት ምክንያት አልነበረውም፤ ከላይ ያሉትም ስለ ዛፍ ግድ አልነበራቸውም። አራቱ ፎቶዎች በአንድ ጠንካራ ሰሌዳ ላይ እየተለጠፉ ተቀመጡ። በጌንት ዩኒቨርሲቲው ያን ኒሰን የተመራ ቡድን አዲስ አበባ በካርታ ሥራዎች ድርጅት ውስጥ 8,281 እንዲህ ያሉ ሰሌዳዎች ማግኘቱን እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ አደረገ። ከ33,000 በላይ ፎቶ መሆኑ ነው። ተከታታዮቹ ፎቶዎች 60 በመቶ ያህል ይደራረባሉ። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ በየዓይን አንዱን የሚያይ ሰው ገደሉ ሲጎደጉድ፣ ጋራው ሲነሳ ያያል።

ቀጣዩ እርምጃ ማወዳደር ነበር። በአሜሪካ የኮልጌት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፒተር ስካል፣ ካትሪን ካርዴሉስና ባልደረቦቻቸው በየደብሩ ዙሪያ የቆሙትን የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች በሳተላይት ምስል ላይ አንድ በአንድ እየፈለጉ 1,022 ያህሉን ከካርታ አገቡ። ከዚያም የአንዳንዶቹን መልክ ከእ.ኤ.አ. 1938ቱ የአየር ፎቶ ጋር አስተያዩ። በሰፊው የተጠበቀው ትልቅ የነበረው ደን ዓመት በዓመት እየተሸረሸረ መምጣቱ ነበር፤ «ድሮ ይህ ሁሉ ጫካ ነበር» የሚለውም ይህንኑ ያስጠብቃል። ፎቶው ግን ሌላ ነገር አሳየ። ያኔም ቢሆን አብዛኛው አገር እርሻና ግጦሽ ነበር። የደብሩ ዐፀድ ያኔም ደሴት ሆኖ ይታያል፤ ስፋቱም በብዙ ቦታ ከዛሬው እምብዛም አይለይም፣ እንዲያውም አንዳንዱ ዛሬ ሰፍቷል።

ደስታው ግን አጭር ነው። ከሰፉት ደኖች ብዙዎቹ የሰፉት በባሕር ዛፍ ነው። በ1938 በደኑና በእርሻው መካከል ቁጥቋጦ ነበር፤ ደኑ ቀስ እያለ ሳስቶ ነበር ከማሳው የሚገናኘው። ዛሬ ሞፈሩ እስከ ደኑ ጥግ ይደርሳል። ከሰማይ ሲታይ ደግሞ አረንጓዴ ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ ከሥሩ ምን እንደሚበቅል ለማወቅ መግባትና መንበርከክ ያስፈልጋል።

በእግሩ የገባው ሰው ከዚህ ሁሉ ቀድሞ ነበር። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እሸቴ የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ማጥናት የጀመረው በስዊድን ለሁለተኛ ዲግሪው ሲሆን፣ በ2002 ያንን አጠናቆ ሥራውን በሆላንዱ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ እስከ ዶክትሬት ገፋበት፤ 2007 ላይ ጨረሰ። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) በ28 አድባራት ደን ውስጥ 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፅዋት መዘገበ። ጽዱ፣ ወይራው፣ ጥቁር እንጨቱ፣ ሎሉ፣ ሐረጉ ሳይቀር። በአካባቢው ከሌላ ቦታ ሁሉ የጠፋ ዛፍ እዚያ ቆሟል። የገረመው ግን ሌላ ነው፦ ትልልቁ ዛፍ ሞልቶ ሳለ የብዙዎቹ ዝርያ ልጅ ጥቂት ነው። አያቶች ብቻ የቀሩበት መንደር ማለት ነው።

ይህን ለማየት ዶክትሬት አያስፈልግም። አራት ችካልና ሲባጎ ይዞ 10 ሜትር በ10 ሜትር መሬት ማጠር፣ በውስጡ ያለውን ዛፍ ሁሉ በዝርያው መጻፍ፣ ግንዱን ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ላይ በልብስ ሰፊ ሜትር መጠምጠም፣ የተገኘውን ለ3.14 ማካፈል፤ ውፍረቱ ወጣ ማለት ነው። ቀጭኑን፣ መካከለኛውንና ወፍራሙን ለየብቻ ቆጥሮ በባር ግራፍ ማስቀመጥ። ደኑ ጤነኛ ከሆነ ቀጭኖቹ ብዙ፣ ወፍራሞቹ ጥቂት ይሆናሉ። ግራፉ ከተገለበጠ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ሌላው ቀርቶ ከፕሮትራክተር፣ ከክርና ከትንሽ ድንጋይ በተሠራ መሣሪያ የዛፉን ቁመት ራሱ መገመት ይቻላል፤ ታንጀንት ለምን እንደሚማሩ ግራ ለገባቸው ተማሪዎች እግረ መንገዱን መልስ ይሆናል።

ዓለማየሁ ከዚህ በኋላ ያደረገው ነው ምርምሩን የሚያስደስት የሚያደርገው። ሰውና ከብትን ወዲያው አልከሰሰም፤ ጥርጣሬውን በተራ ፈተሸ።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ፦ ዘሩ አፈር ውስጥ ተኝቶ ይሆን? የዕፅዋት ተመራማሪው ደመል ተክታይ አብሮት ነበር። ከደኑ ወለል አፈር በየንብርብሩ ተነስቶ ለብቻ ይሰጣል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ብቅ ያለው ሁሉ እየተለየ ይቆጠራል። የበቀለው በአብዛኛው ሣርና አረም ሆነ፤ የዛፍ ዘር ጥቂት ነው። ከዚህ የሚከተለው ከባድ ነው። ደኑ አንዴ ከተመነጠረ፣ አጥረን ብንተወው እንኳ አፈሩ ያን ደን መልሶ አያበቅልም፤ የሚመልሱት የቆሙት እናት ዛፎች ብቻ ናቸው።

ሁለተኛው፦ እናት ዛፎቹ በየዓመቱ የሚያፈሱት ዘርስ የት ይገባል? ዘር ተቆጥሮ መሬት ላይ ተቀመጠና እየተመላለሱ መቁጠር ነው። ከሦስት ወር ተኩል በኋላ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ተበልቶ ነበር። በመጠኑ የተረፈው የጽድ ዘር ነው።

ሦስተኛው፦ ከጥርስ አምልጦ የበቀለውስ? እዚህ ላይ ነው የሳይንስ ዋናው ብልሃት የሚመጣው። የጽድ፣ የወይራ፣ የጥቁር እንጨትና የሎል ዘርና ችግኝ በታጠረና ባልታጠረ መሬት፣ ጎን ለጎን፣ በደኑ ውስጥም በደኑ ጠርዝም ከደኑ ውጭም ተሞከሩ። አፈሩ አንድ፣ ዝናቡ አንድ፣ ልዩነቱ አጥሩ ብቻ። ከብት በማይገባበት ቦታ የበቀለውም፣ የሰነበተውም፣ ያደገውም በለጠ። አጥር የሌለው መሬት ባይኖር ኖሮ ይህ ውጤት ምንም አይነግረንም ነበር፤ «ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነበር» ብሎ የሚከራከር አይጠፋማ። ማወዳደሪያ ማስቀመጥ የሚባለው ይኸው ነው፤ ተማሪ ከመጽሐፍ ሲሸመድደው የሚሰለቸው፣ በእጁ ሲሠራው ግን የማይረሳው።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ ሰው የሰማው ነው። ዓለማየሁና አሜሪካዊቷ የዛፍ አናት ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ተነጋግረው በደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ ማሠራት ያዙ፤ ዛራ የሚባለው ደን ቀዳሚ ነበር። ድንጋዩ ከየማሳው ይለቀማል፤ ገበሬው ማሳው ይጠራለታል፣ ደኑም ይከበራል። ቄሱ ያልተስማሙበት አጥር አንድ ክረምት እንደማይቆም ለጋይንት ሰው መንገር አያስፈልግም።

እኔ ግን ካቡን ሳስብ ሁለተኛው ፈተና ትዝ ይለኛል። ካብ በሬን ያግዳል፤ አይጥን አያግድም። ዘሩን ከሚበሉት ውስጥ ከካቡ ስንጥቅ የሚገቡ አሉ፤ ራሱ ካቡ ቤት የሚሆናቸውም ይኖሩ ይሆናል። ይህ ጥያቄ ለአርብ ገበያ ተማሪዎች እጅ የሚስማማ ነው። ወላጆቻቸው ዘንድ ለስንቅ ሲሄዱ በየደብራቸው ያልፋሉ። ከቄሱ ፈቃድ ጠይቀው ከካቡ አጠገብ 20 የወይራ ዘር ጠባብ ዓይን ባለው ሽቦ ሥር፣ 20 ያለ ሽቦ፣ ሌላ 40 እንዲሁ ከካቡ ርቆ ያስቀምጡ። በየሳምንቱ ቆጥረው ቀኑን፣ ቦታውንና የቆጠረውን ልጅ ስም ደብተር ላይ ያስፍሩ። ሁለት ልጆች ሳይነጋገሩ ለየብቻ ቢቆጥሩ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ቁጥራቸው ካልገጠመ ሦስተኛ ልጅ ይልካሉ።