ስክሪን አልባው ዴስክቶፕ

በኪራይ የተገኘ ሰርቨርም ሆነ ጥግ ላይ የተቀመጠች ራስበሪ ፓይ ብዙውን ጊዜ ሞኒተርም ኪቦርድም የላቸውም። ባለቤቱ ከሩቅ በኤስኤስኤች ይገባና ተርሚናል ላይ ትእዛዝ እየጻፈ ያሠራቸዋል። ለአብዛኛው ሥራ ይኸው ይበቃል፤ ከኔ ምክር የሚጠይቅም ካለ መጀመሪያ ይህንኑ ይልመድ። ሆኖም ያለ መስኮትና ያለ ማውዝ አልሠራም የሚል ፕሮግራም አለ፦ ካርታ መሥሪያው ኪውጂአይኤስ፣ ብሮውዘር፣ በመስኮት ብቻ የሚታዘዝ ጫኚ። ያን ጊዜ ማሽኑ ላይ ያለውን ሊኑክስ ስክሪን እንዳለው ማሳመን ግድ ይላል።

በሊኑክስ ላይ መስኮት ሲያሳይ የኖረው ኤክስ የተባለው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1984 በኤምአይቲ ሲጀመር ጀምሮ በኔትዎርክ እንዲሠራ የታሰበ ነው፤ ፕሮግራሙ እዚህ፣ ስክሪኑ እዚያ ሊሆን ይችላል። በአንድ ቢሮ ውስጥ ጥሩ ይሄዳል። ርቀት ሲጨምር ግን በሁለቱ መካከል የሚመላለሰው መልእክት ይበዛና ሥራው ይንቀራፈፋል። መስመሩ ከተቋረጠ ደግሞ ፕሮግራሙም አብሮ ይዘጋል።

ለዚህ መላ ያመጣው በ1990ዎቹ እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ በነበረው የኦሊቬቲና ኦራክል ምርምር ላብራቶሪ የተሠራው ቪኤንሲ ነው። (ከሠሪዎቹ አንዱ ኩዌንቲን ስታፎርድ ፍሬዘር ቀደም ሲል በ1991፣ ቡና መኖር አለመኖሩን ከመቀመጫ ሳይነሱ በካሜራ ለማየት የሚያስችለውን ዝነኛ ፕሮግራም ከጻፉት አንዱ ነበር። ከሩቅ ማየት የቆየ አመሉ ነው ማለት ይቻላል።) በቪኤንሲ መላው ዴስክቶፕ የሚሳለው ሰርቨሩ ሚሞሪ ውስጥ ነው። ወደ ተመልካቹ የሚሄደው የተለወጠው የስክሪን ክፍል ብቻ ነው፤ እሱም ተመልካቹ ሲጠይቅ። መስመሩ ሲዳከም መሀል ላይ ያሉት ለውጦች ይታለፉና የመጨረሻው ይላካል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፦ ኔትዎርክ ቢቋረጥ፣ መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑ ቢዘጋ፣ ሰርቨሩ እስከሠራ ድረስ ዴስክቶፑ እንደተከፈተ ይቆያል። ማታ የተጀመረ ረጅም ስሌት ጠዋት ከሌላ ኮምፒውተር ሲገቡ እዚያው ይገኛል። መስመር በየሰዓቱ ለሚጠፋበት ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በቪኤንሲ የሚከፈተው ዴስክቶፕ ቀላል ይሁን የሚባለውም በምክንያት ነው። እንዲህ ያለ ሰርቨር ብዙ ጊዜ ግራፊክስ ካርድ ስለሌለው የመስኮቶቹን ጥላም ግልጽነትም የሚያሰላው ፕሮሰሰሩ ራሱ ነው፤ እየተንሸራተተ የሚከፈት መስኮት ደግሞ ለዓይን ደስ ቢልም በኔትዎርኩ ላይ የሚጫን ሸክም ነው። ስለዚህ ከበድ ባለው ዴስክቶፕ በግኖም ፋንታ ቀለል ያሉት ኤክስኤፍሲኢ ወይም ኤልኤክስዲኢ ይመረጣሉ። አንድ ፕሮግራም ብቻ ለሚከፍት አይስደብሊውኤምን ወይም ኦፕንቦክስን የመሰለ መስኮት አስተዳዳሪ ይበቃዋል። የጀርባውን ፎቶ አጥፍቶ አንድ ወጥ ቀለም ማድረግ ብቻውን የሚታይ ለውጥ ያመጣል።

አገጣጠሙ አጭር ነው፦ ኤክስኤፍሲኢና ታይገርቪኤንሲ የተባለው የቪኤንሲ ሰርቨር ይጫናሉ፣ ፓስወርድ ይሰጣል፣ ቁጥር 1 ዴስክቶፕ ይነሳል፤ እሱም በፖርት 5901 ይጠብቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የተለመደው የቪኤንሲ ፓስወርድ ከ8 ፊደል በላይ ያለውን አይቆጥርም፤ ተጨማሪ ምስጠራ ካልተደረገ በስተቀር ስዕሉም የምትጽፉትም በግልጽ ይሄዳል። የቪኤንሲ ሰርቨሩ ከራሱ ማሽን ብቻ እንዲሰማ አድርጉ፣ ከዚያም ፖርቱን በኤስኤስኤች ውስጥ አሳልፋችሁ ወደ ላፕቶፓችሁ አምጡ። 5901ን በፋየርዎሉ ላይ ለዓለም አትክፈቱ፤ ለአንድ ቀን ሙከራም ቢሆን።