የሚረጋው ዘይት እና አንጀታችን

ወለንጪቲ ከአዳማ በስተምሥራቅ፣ ወደ አዋሽና ጅቡቲ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች የቦሰት ወረዳ ከተማ ናት። ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ የሚገዛው የፓልም ዘይት ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ ወደ መሐል አገር የሚገባው ይህንኑ መንገድ ይዞ ነው። ዘይቱ በሸማቾች ማኅበራት በኩል በድጎማ መከፋፈል ከጀመረ ወዲህ አንድ ጥያቄ ከየቤቱ አልጠፋም፤ “ይህ የሚረጋ ዘይት ደም ሥር ይደፍናል ወይ?” የሻጩ መልስ ደግሞ ጀሪካኑ ላይ ተጽፏል፤ “ከኮሌስትሮል ነጻ”። ጥያቄውም መልሱም ግማሽ እውነት አላቸው። ሙሉውን ለማወቅ አንጀት ምን እንደሚሠራ መረዳት ያስፈልጋል።

ከማዕድ እስከ ደም

የበላነው ዘይት እንዳለ ወደ ደም ሥር ገብቶ አይረጋም። ትንሹ አንጀት ውስጥ ሐሞት ይበታትነዋል፣ የቆሽት ኢንዛይም ይሰባብረዋል። የአንጀት ግድግዳ ሕዋሳት ስብርባሪውን ወስደው እንደገና ስብ ያደርጉታል፤ ከኮሌስትሮልና አፖቢ-48 ከሚባል ፕሮቲን ጋር ጠቅልለውም ካይሎማይክሮን የተባለውን ቅንጣት ይሠራሉ። ስብን በደም ከሚያጓጉዙት ቅንጣቶች፣ ከሊፖፕሮቲኖች፣ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። በሊምፍ ቧንቧ አድርጎ አንገት ሥር ወደ ደም ይገባል። ጡንቻና የስብ ሕዋሳት ስቡን ከወሰዱ በኋላ ኮሌስትሮል የያዘው ቅሪት ወደ ጉበት ያመራል።

ወደ አንጀት የሚገባው ኮሌስትሮል በአብዛኛው የሚመጣው ከሐሞት ነው፤ በቀን 1 ግራም ገደማ ይሆናል። አንድ የእንቁላል አስኳል የሚይዘው ግን 0.2 ግራም ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ቅቤና ሥጋ ያልቀመሰ ጾመኛም አንጀቱ ኮሌስትሮል መሳቡን አያቋርጥም። የአሜሪካ የምግብ መመሪያ በቀን 300 ሚሊግራም የሚለውን የቆየ የኮሌስትሮል ገደብ በ2015 እ.ኤ.አ. አንሥቷል፤ በሚረጋ ቅባት (ሳቹሬትድ ፋት) ላይ የጣለውን ገደብ ግን እንዳለ አቆይቶታል።

ጥፋቱ የቱ ላይ ነው?

በዕፅዋት ዘይት ውስጥ እዚህ ግባ የሚባል ኮሌስትሮል ስለሌለ የጀሪካኑ ጽሑፍ አልዋሸም፤ የተወው ነገር ግን ትልቅ ነው። ከፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ቅባት ነው፤ በቅቤ ውስጥ ደግሞ ድርሻው ከዚያም ይበልጣል። እንዲህ ያለው ቅባት ሲበዛ ጉበት መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤልን፣ ከደም የማንሣት አቅሙ ይቀንሳል። የኑግ ዘይት ግን ሰባ በመቶ ያህሉ ሊኖሌይክ የተባለ የማይረጋ ቅባት ነው።

መርጋቱን በዓይን አይቶ መፍረድም ያሳስታል። በአዲስ አበባ የክረምት ብርድ የሚረጋው ያው ዘይት በወለንጪቲ ሙቀት ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጣል፤ በውስጡ ያለው ቅባት ግን አልተለወጠም።

ዘይት ብቻ አይደለም

በጤናማ ሰው ዘንድ ኢንሱሊን አንጀት ካይሎማይክሮን እንዳያበዛ ይገታዋል። ከውፍረትና ከስኳር በሽታ ጋር ሰውነት ለኢንሱሊን መታዘዝ ሲያቆም ልጓሙ ይላላል፤ በደም ውስጥ ትራይግሊሰራይድ የተባለው ስብ ይበዛል፣ ጥሩ የሚባለው ኤችዲኤልም ይቀንሳል። በ2015 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለ አዋቂዎች 5 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ትራይግሊሰራይድ የበዛባቸው 21 በመቶ ገደማ፣ ኤችዲኤል ያነሰባቸው ደግሞ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነበሩ። ስለዚህ ስለ ዘይት ስንነጋገር ጣፋጩንና ለስላሳውን፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መዋሉንም መርሳት የለብንም። ይህ ምክር በጎዳናው ላይ ለሚውሉት የከባድ መኪና ሾፌሮች በተለይ ያስፈልጋል።

ምስር፣ ሽሮና ጎመን ግን ያግዛሉ። አሰራቸው የሐሞት አሲድን ይዞ ይወጣል፤ ጉበትም የወጣውን ለመተካት ከደም ኮሌስትሮል ይስባል።

ፓልም የሚገዛው ርካሽ ስለሆነ ነው፤ ድሃውን በምርጫው መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። የሚችል ቤተሰብ ኑግ ወይም ሱፍ ይቀላቅል፤ የማይችል የዘይቱን መጠንና ጥብሱን ይቀንስ። ተቆጣጣሪው አካል ደግሞ በየጀሪካኑ ላይ የሚረጋው ቅባት መጠን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በግልጽ እንዲጻፍ ያስገድድ። ገዢው ሊያውቀው የሚገባው ቁጥር እሱ ነው።