ተጨማሪ መረጃ፦ የጉዳት መጠን እንደገና ሲታይ

ቄራ አካባቢ በአንድ ሉካንዳ ተቀጥሮ ብልት ሲያወጣ ቢላዋ አምልጦት የአውራ ጣቱ ጅማት የተቆረጠበትን ሠራተኛ አስቡ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሕክምና ላይ ሳለ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት 75 በመቶው፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት ደግሞ ግማሹ ይከፈለዋል። ጣቱ አልታጠፍ ብሎ ከቀረ፣ የሕክምና ቦርድ የጉዳቱን መጠን በተቻለ መጠን በ12 ወራት ውስጥ ይወስናል።

ብዙ ሠራተኛ እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። ጉዳቱ ከባሰ፣ ከተሻለ ወይም የመጀመሪያው ምርመራ ስሕተት ከነበረበት ውሳኔው እንደገና ሊታይ ይችላል፤ ጠያቂውም ሠራተኛው ብቻ ሳይሆን አሠሪው ወይም አግባብ ያለው ባለሥልጣን ሊሆን ይችላል። ውጤቱ ክፍያውን ሊጨምር፣ ሊቀንስ፣ ከናካቴው ሊያስቀርም ይችላል። ስለዚህ “ይታይልኝ” ከማለት በፊት አዲስ የሐኪም ማስረጃ መያዝ ይበጃል።

ሕጉ ራሱም ይለወጣል። ለምሳሌ የሥራ ላይ ጉዳት ክፍያን ጭምር የሚመለከተው የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 715/2003 በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ተተክቷል። ጥያቄ የሚያቀርብ ሰው በቅድሚያ ጉዳዩ በየትኛው አዋጅ እንደሚታይ ይጠይቅ።