የልጆቻችን ጥርስ እንዲቃና ምን እናድርግ?

እግዚአብሔር ለሰው ልጅ ከሰጠው የአካል ክፍል ሁሉ ያለ ሥራ የተሰጠ የለም። ጥርስም እንዲሁ ነው፤ ምግብን ያደቃል፥ ንግግርን ያቃናል፥ የፊትንም መልክ ይደግፋል። በንባብ ቤት ፊደል ያስቈጠረ መምህር ሁሉ ይህን ከሐኪም ሳይማር ያውቀዋል፤ «ፈ» ለማለት የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ከንፈር መንካት አለበትና፥ «ሰ» ለማለትም ትንፋሹ በጥርሶች አጠገብ በቀጭኑ ማለፍ አለበትና። ጥርሱ የተደራረበበት ወይም ወደ ፊት ያገጠጠበት ልጅ ግን ከፊደሉ ይልቅ የሚፈራው የጓደኞቹን ሣቅ ነው። «ገጣጣ» የምትባለው ቃል ቀላል ትመስላለች፤ ነገር ግን ስንቱን ልጅ አፉን በእጁ ሸፍኖ እንዲኖር አድርጋዋለች።

ባለፈው ዓመት በማክሰኝት ከማስተምራቸው ልጆች አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ንባብ በደረሳት ቍጥር አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍን ነበር። በትምህርቷ ግን ከክፍሉ ቀዳሚ ነበረች። አንድ ቀን አባቷ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወደ ቤቴ መጡ። ፈትተው ቢያሳዩኝ በጥርስ ቅርጽ የተጠማዘዘ ለስላሳ ሰማያዊ ጎማ ነው። «መምህር፥ እኅቴ ከአሜሪካ የላከችልን ነው። ማታ ማታ ነክሳው ስትተኛ ጥርሷ ያለ ሽቦና ያለ ሐኪም ይቃናል አለችን። እውነት ነው ወይስ የገንዘብ መብያ ነው?» አሉኝ። እኔም «ወንድሜ፥ የማላውቀውን አልመሰክርም፤ አንብቤና ጠይቄ እነግርዎታለሁ» አልኋቸው። ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ አለመሆኑን ስለ ተረዳሁ ያገኘሁትን ለወላጆች ሁሉ እጽፋለሁ።

ጥርስ የሚንቀሳቀሰው እንዴት ነው?

ብዙ ሰው ጥርስ በአጥንት ውስጥ እንደ ችካል የተቸነከረ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በጥርሱ ሥርና በአጥንቱ መካከል ቀጭን የጅማት ሽፋን አለ። ጥርስ በቀስታና ሳያቋርጥ ወደ አንድ ወገን ሲገፋ፥ በሚሄድበት በኩል ያለው አጥንት እየሟሟ ቦታ ይለቅለታል፤ በስተኋላው ደግሞ አዲስ አጥንት ይሠራል። ጥርሱም ከነሥሩ ይጓዛል፤ ጕዞውም በወር አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረታችን እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። ከልክ ያለፈ ኃይል ግን ጕዞውን አያፈጥነውም፤ የጥርሱን ሥር ሊያሳጥረው ይችላል እንጂ። ስለዚህ በጥቂት ቀን ጥርስ አቀናለሁ የሚል ሁሉ ሊጠረጠር ይገባዋል።

ጥርስን የሚገፋው የሐኪም መሣሪያ ብቻ አይደለም። ምላስ ከውስጥ፥ ከንፈርና ጕንጭ ከውጭ ዘወትር ይነኩታል። አውራ ጣቱን ለዓመታት የሚጠባ ልጅ የላይኛው የፊት ጥርሱ ወደ ውጭ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለቱ መንገዶች

የሽቦው መንገድ ጥንታዊ ነው። ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር እ.ኤ.አ. በ1728 ባሳተመው መጽሐፍ ጥርስን ከብረት ቀስት ጋር በክር እያሰሩ ማቃናትን ገልጿል። አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1899 የጥርስን አገጣጠም በሦስት ክፍል መድቦ አስተማረ፤ በተከታዩም ዓመት ለዚህ ሙያ ብቻ የተለየ ትምህርት ቤት ከፈተ። ዛሬ በእያንዳንዱ ጥርስ ላይ የሚለጠፈው ትንሽ መያዣና በውስጡ የሚያልፈው ሽቦ ከዚያ ትምህርት የተወለደ ነው።

የጎማውም መንገድ ትናንት የመጣ አይደለም። አልፍሬድ ሮጀርስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1918 የአፍ ጡንቻዎችን በማለማመድ ጥርስን መርዳት እንደሚቻል ጽፏል። ሃሮልድ ኬስሊንግም እ.ኤ.አ. በ1945 በአንድ ወጥ ጎማ የተሠራ የሚነከስ መሣሪያ አቀረበ። ነገር ግን ይህ መሣሪያ የበሽተኛው ጥርስ ተለክቶ የሚሠራ፥ በሽቦ የተጀመረውን ሥራ ለመፈጸም የታሰበ ነበር። ዛሬ በየሱቁና በየስልኩ የሚሸጠው ጎማ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይለካ የተሠራ ነው። በኳስና በቡጢ ጨዋታ ጊዜ የሚነከሰው መከላከያ ደግሞ ጥርስ እንዳይሰበር ይጠብቃል እንጂ ምንም አያቃናም፤ ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም።

ጎማው የሚችለውና የማይችለው

ሚዛናዊ ፍርድ እንስጥ። ልጁ በማደግ ላይ ሳለ፥ በሐኪም ታዝዞለት፥ ሌሊቱን ሙሉና በቀንም አንድ ሁለት ሰዓት ሳያቋርጥ ቢነክሰው፥ ጎማው ያገጠጠውን የላይኛውን ጥርስ በመጠኑ ሊመልስ፥ ምላስንም ወደ ላንቃ፥ ከንፈርንም ወደ መግጠም ሊያለማምድ ይችላል። ነገር ግን ብዙ ልጅ እንቅልፍ ሲወስደው ይተፋዋል። የዞረን ጥርስ ለይቶ ማዞር፥ በጠባብ መንጋጋ ለተጨናነቁ ጥርሶች በቂ ቦታ መክፈት፥ የጥርስን ሥር በትክክል መምራት ግን የጎማ ሥራ አይደለም። ይህ የሽቦ ሥራ ነው።

ሽቦውም ያለ ድካም አይሠራም። ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ተኩል ወይም ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ በየጊዜው ወደ ሐኪም መመላለስን ይጠይቃል። ጥርሱ በሚገባ ካልጸዳ በመያዣው ዙሪያ ነጭ ጠባሳ ይተዋል፤ ቆሎና አጥንትም መያዣውን ይነቅሉታል። ሽቦው ሲወልቅ ደግሞ ጥርሱ ወደ ጥንት ቦታው እንዳይመለስ ሌላ ማቆያ ያስፈልጋል።

ጊዜውስ መቼ ነው? እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የኮክሬን ጥናቶች ግምገማ ላገጠጠ የላይኛው ጥርስ ሕክምናውን በልጅነት መጀመር የፊት ጥርስ በመውደቅ እንዳይሰበር እንደሚረዳ፥ በቀረው ግን በጕርምስና ጊዜ አንድ ጊዜ ከሚደረገው ሕክምና እንደማይበልጥ አሳይቷል። እንግዲህ ልጄ 12 ዓመት ሞላት፥ ጊዜው አለፈ ብሎ የሚጨነቅ ወላጅ ይጽናና።

ያለ ሐኪም ዓይን የሚደረግ ማቃናት ወዴት እንደሚያደርስ ከአሜሪካ የተገኘ ምሳሌ አለ። ስማይል ዳይሬክት ክለብ የተባለው ኩባንያ የፕላስቲክ ማስተካከያ በፖስታ እየላከ ለብዙ ሰው ሲሸጥ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ተዘጋ፤ ደንበኞቹም ሕክምናቸውን ሳይፈጽሙ መካከል ላይ ቀሩ።

የእኛው ጥፋት

ያቺ ልጅ ጎማውን ሦስት ወር ነከሰች፤ ለውጥ ግን አልታየም። በመጨረሻ አባቷ ወደ ጎንደር ወስደው ለጥርስ ሐኪም አሳዩአት። በራጅ ሲታይ ከታችኞቹ ሁለት ክራንቻዎች አንዱ ጨርሶ የለም፤ ሌላውም ጠማማ ሆኖ በአጥንት ውስጥ ተቀብሯል፤ ጎረቤቶቹም ጥርሶች ወደ ባዶው ቦታ አዘንብለዋል። ሐኪሟ እናቲቱን «በሕፃንነቷ ግግ ወጥቶላት ነበርን?» ብላ ጠየቀቻት። እናቲቱም አንገቷን ደፋች።

ይህን ስሰማ እኔም ምላሴን ወደ ታችኛው ድዴ ሰደድሁ። በዚያ ስፍራ ክራንቻ የለኝም፤ ለእኔም በሕፃንነቴ ግግ ወጥቶልኛልና። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኵሰው በድዱ ላይ የምትታየው እብጠት የበሽታው ምንጭ ናት ተብሎ በስለት ተቈፍራ ትወጣለች። ያቺ እብጠት ግን በሽታ አይደለችም፤ ልትበቅል የተዘጋጀች የወተት ክራንቻ ናት። የዘላቂው ጥርስ ፅንስ ደግሞ ከአጠገቧ ስለሚገኝ አብሮ ይጐዳል። ከዚህም የከፋው መድማቱ፥ መመረዙና በስለቱ የሚተላለፈው በሽታ ነው። ወላጆቻችን ይህን ያደረጉት በፍቅር ነው፤ ፍቅር ግን ዕውቀት ሲጐድለው ይጐዳል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 561 የወተት ጥርስ ማውጣትን ከጎጂ ልማዶች ጋር ቈጥሮታል።

እንግዲህ የጠፋውን ጥርስ ጎማም ሽቦም አያበቅለውም። ሽቦ ያዘነበሉትን ሊያቃና፥ የተቀበረውንም ሊስብ ይችላል፤ ያልነበረውን ግን አይፈጥርም።

ለወላጆች ምክር

አንደኛ፥ ሕፃን ሲታመም ድዱን አታስነኩ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ተቅማጥ ሲይዘው የሚያድነው ጡት ማጥባትና በንጹሕ ውሃ የተበጠበጠ ኦ አር ኤስ ነው።

ሁለተኛ፥ 20ዎቹ የወተት ጥርሶች ያለ ጊዜያቸው እንዳይነቀሉ ጠብቁ። የወተት መንጋጋ ጥርስ እስከ 10 ወይም 12 ዓመት ድረስ ለተተኪው ቦታ ያዥ ነው። በ6 ዓመት ገደማ ከኋላ የሚበቅለው መንጋጋ ግን ዘላቂ ነውና እንደሚወልቅ ጥርስ ቸል አትበሉት።

ሦስተኛ፥ ያልተስተካከለ ሁሉ በሽታ አይደለም። በ8 ወይም በ9 ዓመት በፊት ጥርስ መካከል የሚታየው ክፍተት ብዙ ጊዜ ክራንቻ ሲበቅል ይገጥማል፤ ባይገጥምም ፍንጭት ባገራችን የውበት ምልክት ነው።

አራተኛ፥ ጎማም ቢሆን ሽቦ፥ አስቀድሞ ሐኪም ይየው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሐኪሞችን ያሠለጥናል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ጥርስን በሽቦ በማቃናት የተካኑት ሊቃውንት ጥቂቶች ስለሆኑና የሚበዙት በአዲስ አበባ ስለሚገኙ ግን፥ ከመጀመር በፊት ስለ ምልልሱና ስለ ወጪው ተመካከሩ። ጀምሮ ማቋረጥ ካለመጀመር ይከፋልና።

ያቺ ልጅ ዛሬ ሽቦ በአፏ አለ፤ አባቷም ጥሪቱን ቈጥበው ይመላለሱላታል። ሥራው ገና አላለቀም። ነገር ግን በዚህ ዓመት በትምህርት መዝጊያ ቀን በጉባኤው ፊት ቆማ ስታነብ ነጠላዋ በትከሻዋ ላይ ነበረ። በቅርቡም እናቷ ለሌላ ልጅዋ ግግ እንድታስወጣ ጎረቤት ብትመክራት «አንዲቱ ትበቃኛለች» ብላ መልሳለች።

ልጆቻችንን በጤና እንድናሳድግ እግዚአብሔር ማስተዋሉን ይስጠን።