«ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው»፦ እውነት ወይስ ተረት?

ሁለት ዓመት ሞልቶት አፉን ያልፈታ ልጅ ያለበት ቤት መካሪ አያጣም። ጎረቤትም፣ አክስትም፣ የቡና አጣጪም የየራሳቸው ማብራሪያ አላቸው። ማብራሪያው ቢለያይም የብዙዎቹ መደምደሚያ «ጠብቁ» ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

ተረት፦ «ወንድ ነው፤ አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው።»

እውነት፦ ወንዶች ከሴቶች ጥቂት ዘግየት ይላሉ፤ ልዩነቱ ግን የዓመታት አይደለም። የንግግር ችግር በዘር ሊወረስ ስለሚችል፣ የአባት መዘግየት ልጁን ለማስመርመር ምክንያት ነው እንጂ ለመዘናጋት አይሆንም። በአንድ ዓመት ተኩል ከ«እማ» እና ከ«አባ» ሌላ ሦስት ያህል ቃላት፣ በሁለት ዓመት ደግሞ እንደ «አባ መጣ» ያለ ሁለት ቃል ማጋጠም ይጠበቃል። ዘግይተው በራሳቸው የሚደርሱ ልጆች ብዙ ናቸው፤ የትኛው እንደሚደርስ ግን በዓይን አይለይም። የሚናገረውን ቃል መተው የጀመረ ልጅ ደግሞ በየትኛውም ዕድሜ ቢሆን ውሎ ሳያድር ሐኪም ይየው።

ተረት፦ «ምላሱ ታስሮ ነው፤ ቢቆረጥለት ይናገራል።»

እውነት፦ ከምላስ ሥር ያለው ክር ማጠሩ ጡት ለመጥባት ሊያስቸግር፣ አንዳንድ ድምፆችንም ሊያኮላትፍ ይችላል፤ ልጅን ጭራሽ ቃል አልባ ግን አያደርግም። እንጥል ማስቆረጥማ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ያጋልጣል እንጂ ለንግግር የሚፈይደው የለም። መጀመሪያ መታየት ያለበት ጆሮ ነው። በር ሲጋጭ የሚደነግጥ ልጅ እንኳ እንደ «ሰ» እና «ፈ» ያሉ ስስ ድምፆችን ላይሰማ ይችላል።

ተረት፦ «ሁለት ቋንቋ አደናግሮት ነው።»

እውነት፦ በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ አንዳንድ ወላጆች በዚህ እምነት አማርኛውን እርግፍ አድርገው ይተዋሉ። ሁለት ቋንቋ መስማት ግን ንግግርን አያዘገይም። የልጁ ቃላት ሲቆጠሩ የሁለቱም ቋንቋ ይደመራል፤ እውነተኛ ችግር ካለም በሁለቱም ይታያል። ወላጅ ባልለመደው ቋንቋ ሲያወራ ወሬው ያጥራል፣ ቀልዱና ተረቱ ይቀራል፤ ልጁን የሚጎዳው ይሄ ነው።

ተረት፦ «እርግማን ነው፤ ወይም እናትየው በደንብ ስላላሳደገችው ነው።»

እውነት፦ ከንግግር መዘግየት ጀርባ አንዳንዴ ኦቲዝም ሊኖር ይችላል። ኦቲዝም ከአንጎል እድገት የሚመነጭ ነው፤ የእናት አያያዝ አያመጣውም። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበሩት ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ፣ ኀፍረትና ወቀሳ ፈርተው ልጃቸውን ከሰው ዓይን የሚሰውሩ ቤተሰቦች ብዙ ነበሩ። የተደበቀ ልጅ ደግሞ የሚያጫውተውም የሚያስተምረውም ያጣል።

ተረት፦ «የንግግር ቴራፒስቷ ስታጫውተው ነው የምትውለው፤ ጨዋታማ እቤትም አለ።»

እውነት፦ ቴራፒስቷ ኳስ ይዛ ዝም ስትል ልጁ እንዲያያት፣ እንዲጠቁም፣ ድምፅ እንዲያወጣ ዕድል እየሰጠችው ነው። በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻውን ግን ብዙም አይራመድም፤ ከእሷ የተማራችሁትን እቤት መድገም ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀውና ኢትዮጵያ ውስጥም የተሞከረው ሥልጠና የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። «ወተት ወይስ ውሃ?» ብላችሁ አስመርጡትና መልሱን ታግሣችሁ ጠብቁ። «መኪና» ካለ «አዎ፣ ትልቅ መኪና!» በሉት። «በል፣ በል!» እያላችሁ አታስጨንቁት። በሥዕል ወይም በእጅ ምልክት መግባባትም ንግግርን አያሰንፍም፤ እንዲያውም ሊያግዘው ይችላል። ስልክ ግን የሰውን ቦታ አይተካም፤ ድርጅቱ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ስክሪን አይመክርም።

ምርመራው ልጁ ደህና መሆኑን ቢያሳይ የሚባክነው የደርሶ መልስ ድካም ነው። ችግር ኖሮ ብትዘገዩ ግን የሚያልፈው አንጎል ቋንቋን በቀላሉ የሚቀበልበት ዕድሜ ነው። ስለዚህ በቅርብ ወዳለ ጤና ተቋም ሂዱና የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «የጆሮ ምርመራ የት ይደረጋል?» የሚል ይሁን።