ወደ ኋላ የተሳበው ባትሪ

አሰልጣኝ የፊት መስመሩ ሲጣበብበት አንዱን ተጫዋች ወደ ኋላ ስቦ ለሌሎቹ ሜዳ ይከፍታል። የመኪና ስፖርት ወዳጆች በኮፈን ሥር የሚሠሩትም ይህንኑ ነው። ወደ ኋላ የሚሳበው ታዲያ ባትሪው ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1959 ገበያ የወጣችው የእንግሊዟ ሚኒ ከመጀመሪያው ባትሪዋን የያዘችው ፖርታባጋሊዮ ውስጥ ነው። ሞተሯ ወደ ጎን ተጋድሞ ኮፈኗን ሞልቶታል፤ ከፊት ቦታ የለማ! ያቺ ሚጢጢ መኪና እ.ኤ.አ. በ1964፣ በ1965 እና በ1967 የሞንቴ ካርሎ ራሊን አሸንፋ ግዙፎቹን አሳፍራለች። የአዲስ አበባ ሰው የሚወዳት ቮልስም ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። (የነዳት ያውቃታል፤ የባትሪው ክዳን ከጠፋ ከበድ ያለ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሞላ ከባትሪው ጫፍ ጋር ተነካክቶ እሳት ሊነሳ ይችላል።)

በ2015 ዓ.ም በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉት ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ የሚነካው ሱሉልታን ነው። ሰበታን የኳሱ ቤተሰብ ከ2012 እስከ 2014 ዓ.ም በፕሪሚየር ሊጉ ያውቃታል። ሱሉልታ ግን የሯጮች አገር ናት። ከ2,500 ሜትር በላይ ያለው ስስ አየር የአትሌቱን ሳንባ ሲያጠነክር የመኪናውን ሞተር ያደክመዋል። ተርቦ የሌለው ሞተር በዚያ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ያጣል። እንጦጦን በሦስተኛ ማርሽ ሲያቃስት የወጣ ሾፌር ይህን ለማመን መጽሐፍ አያስፈልገውም። ስለዚህ ተርቦ ወይም ሰፊ የአየር ፊልትሮ ልግጠም ሲል ኮፈኑ ውስጥ ቦታ ይጠፋል፤ ዓይኑ ባትሪው ላይ ያርፋል።

እዚህ ላይ ግን መሸዋወድ አያስፈልግም። ባትሪ ቦታ ስለቀየረ ብቻ ሞተር አንዲት የፈረስ ጉልበት አይጨምርም። የሚገኘው ክፍት ቦታና የክብደት ሚዛን ነው። 15 ኪሎ ገደማ የሆነ ባትሪ ከፊት ተነስቶ ከኋላ ሲቀመጥ እንደ ድሮው ኮሮላ ዲኤክስ በኋላ እግሩ ለሚነዳ መኪና ጥቂት ቁንጠጫ ይሰጠዋል። በፊት እግሩ ለሚነዳው ጥቅሙ ያንሳል። ለታክሲ ደግሞ ምንም አይፈይድ፤ በዚያ ላይ የተሳፋሪን ሻንጣ ቦታ መሻማት ነው።

ዋናው ጣጣ ገመዱ ነው። ሞተሪኖ ሲነሳ ለአፍታም ቢሆን ከ100 አምፔር በላይ ይስባል። ባትሪው ከኋላ ሲሄድ ገመዱ አራትና አምስት ሜትር ይረዝማል፤ ቀጭን ከሆነ ይግላል፣ ጉልበትም መንገድ ላይ ይቀራል። ከ35 እስከ 50 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ገመድ ይፈለጋል። ገንዘብ ለመቆጠብ ከሶማሌ ተራ የተገኘውን አሮጌ ገመድ እየቀጣጠሉ መዘርጋት የሚያስከትለው መዘዝ ቀላል አይደለም። የመኪናው አካል ራሱ ኔጋቲቭ ነውና ፖዘቲቩ ገመድ ብረት ፈግፍጎት ቢላጥ በቀጥታ እሳት ነው፤ የነዳጅ ታንከሩም ከዚያው ጎረቤት አለ። ለዚህ ነው ፊውዙ ከባትሪው ከአንድ ስንዝር ብዙም ሳይርቅ የሚገባው። ገመዱ ብረት ሰንጥቆ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ደግሞ ጎማ ይደረግለታል።

አሲድ ያለው ተራ ባትሪ ቻርጅ ሲያደርግ ሃይድሮጂን ይተነፍሳል። ይህ ጋዝ ከአየሩ 4 በመቶ ሲደርስ በብልጭታ ይፈነዳል። በተዘጋ ፖርታባጋሊዮ ውስጥ ከሆነ በሳጥን ታሽጎ ትንፋሹ በቱቦ ወደ ውጭ መውጣት አለበት፤ ካልሆነ ድፍኑን ባትሪ መግዛት ነው። በራሊ መኪኖች ላይ ኤሌክትሪኩን ጠቅላላ የሚቆርጥ ማብሪያና ማጥፊያ ግዴታ ነው፤ ቦታውን የሚያሳየው ነጭ ጠርዝ ባለው ሰማያዊ ሦስት ማዕዘን ውስጥ የተሳለ ቀይ መብረቅ ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ በእጅ ያለችውን መኪና ማቃጠል የዋዛ ኪሳራ አይደለም። ሥራው ሲያልቅ ሞተሪኖው እየዞረ ቮልቴጁ እዚያው ሞተሪኖው ላይ ይለካ። ከ9.6 ቮልት ከወረደና ባትሪው ሙሉ ከሆነ ገመዱ ወይም ማሰሪያው ችግር አለበት። ልኬቱን ከሰዓት በኋላ በሞቀ ፀሐይ ሳይሆን ሱሉልታ ላይ ማለዳ፣ ውርጩ ሣሩ ላይ ሳለ ማድረግ ነው።