በጭቃ መንገድ ላይ የሚነዳ ሥርዓት

ሞተር ሳይክል ይዞ ጭቃ መግባት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው እሽቅድድም ነው። በእንግሊዝ ገጠር በቡድን የሚደረገው የአንድ ቀን የሞተር ጉዞ ግን ውድድር ልሁን ቢል እንኳ ሕግ አይፈቅድለትም። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የመንገድ ትራፊክ ሕግ በሕዝብ መንገድ ላይ መሽቀዳደምን ወንጀል ያደርጋል፤ ቡድኑ የሚሄድበት አስፋልት ያልነካው ጠባብ መንገድም ጭቃ ይሁን እንጂ የሕዝብ መንገድ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ታርጋና ኢንሹራንስ፣ ሦስት ዓመት ካለፈው ደግሞ ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ነጂውም መንጃ ፈቃድ። የዚህ ጉዞ ዋናው ሥራ ማሽኑን ማስጋለብ ሳይሆን ሥርዓቱን መጠበቅ ነው፤ ሥርዓቱ ከላላ መንገዱም ይዘጋል።

ሥርዓቱ በደንብ የሚታየው በአካሄዱ ነው። ቡድኑ ጥቂት ሰው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከስድስት ሞተር አይበልጥም። መሪው መንገዱን አስቀድሞ በካርታ አጥንቶ ፊት ይወጣል፤ ሌላ ልምድ ያለው ሰው ደጀን ሆኖ ከሁሉም ኋላ ይከተላል። መታጠፊያ ሲደርሱ መሪው ከኋላው ላለው ሰው ምልክት ይሰጣል፤ ያ ሰው እዚያው ቆሞ ለሚመጡት ሁሉ አቅጣጫ ያሳይና ደጀኑ ሲደርስ ከፊቱ ገብቶ ይቀጥላል። በሚቀጥለው መታጠፊያ ተረኛው ሌላ ነው። እንዲህ ሲሆን ጀማሪው የፊተኛውን እንዳያጣ ብሎ ከአቅሙ በላይ አይነዳም። ጎማው የተነፈሰበትን ወይም የወደቀውን ደጀኑ ያገኘዋል፤ ደጀኑ ካልመጣ የቆመው ሰው አይነቃነቅም፣ መሪውም ሰው መጉደሉን አይቶ ይመለሳል። ፈጣኑም ተራው ሲደርስ አጥር ጥግ ቆሞ ዘገምተኛውን ይጠብቃል፤ ለጉረኛ መራራ መድኃኒት ነው። በሳተላይት የሚመራ መሣሪያ ባለበት ዘመን ይህ ሁሉ ለምን ይባል ይሆናል። መሣሪያው መንገዱን ያውቃል፤ ቦይ ውስጥ የወደቀውን ሰው ግን አያውቅም።

ሁለተኛው ሥርዓት የወረቀት ነው። በእንግሊዝና በዌልስ በሕዝብ የመተላለፊያ መብትነት ከተመዘገቡት የገጠር መንገዶች ለሞተር ክፍት የሆኑት ከመቶ ሦስት እጅ አይሞሉም። በ2006 የወጣ ሕግ ለሞተር ክፍት ተብለው ባልተመዘገቡት ላይ የነበረውን የሞተር መብት፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ሰርዞታል። በ1970 የተመሠረተው ትሬይል ራይደርስ ፌሎውሺፕ የተባለው ማኅበር ከዶርሴት አውራጃ ምክር ቤት ጋር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ የተሟገተው፣ አንድ መንገድ ለሞተር ክፍት ተብሎ እንዲመዘገብ ከሚጠይቅ ማመልከቻ ጋር የቀረበ ካርታ ከ1፡50,000 በኮምፒዩተር ወደ 1፡25,000 ቢሰፋ ሕጉን ያሟላል ወይስ አያሟላም በሚል ነበር። ያሟላል ተብሎ በ2015 የተፈረደው በሦስት ለሁለት ድምፅ ነው። አንድ የጭቃ መንገድ በካርታ ልኬት ሊሞትና ሊድን ይችላል ማለት ነው።

እግረኞች የሚያቀርቡት ተቃውሞ ቀላል አይደለም፦ ድምፁ ጸጥታ ይነሳል፣ ጎማው መሬቱን ያርሳል። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ በደህና ማርሚታና በዝግታ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ፈረስ ሲመጣ ቆሞ ሞተር ማጥፋት ደንብ የሆነውም ለዚህ ነው። ሁለተኛው በአፈሩና በወቅቱ ይወሰናል። እርጥብ የኖራ ድንጋይ መሬት ትራክተርንም ሞተርንም አይችልም፤ ሪጅዌይ የተባለው ጥንታዊ መንገድ ብዙ ክፍሉ ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ለሞተር መዘጋቱ ተገቢ ይመስለኛል። የማኅበሩ ደንብ የሚያስረው አባሉን ብቻ ነው፣ ታርጋ የሌለውን ማን ይይዘዋል የሚለው ሙግት ግን ወደ ራሱ ይመለሳል፤ ያ ነጂ የመዝጊያ ምልክቱንም አያከብርም። መዝጋት ከመንገዱ የሚያወጣው ደንብ አክባሪውን ነው። መዝጋትን የሚቃወመው ሙግት ግን ሁልጊዜ ያሸንፋል ማለት አይደለም። በፒክ ዲስትሪክት ብሔራዊ ፓርክ ቻፕል ጌት የተባለውን መንገድ የዘጋው ትእዛዝ በ2012 በፍርድ ቤት ተሽሯል፤ የፓርኩ ባለሥልጣን ግን ሥርዓቱን አሟልቶ እንደገና ዘግቶታል። መሪው ካርታውን ከዘረጋ በኋላ የመዝጊያ ትእዛዞችን አንድ በአንድ የሚያየው ለዚህ ነው።